ሁለተኛ ማርሽ

ጥር በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት፣
ቱሪን ላይ ውርጩ ሲጋገር በመስታወት፣
የፓንዳዬ ሁለተኛ ማርሽ አልገባም አለ፤
እንደ ለገመ በቅሎ መንገድ ላይ ተተከለ።

አንደኛው ይገባል፤ ሦስተኛውም ደኅና ነው፤
ሁለተኛው ግን በሩን ዘግቶ፣ “ማን ነው?”
እጀታውን ስገፋው ቋ! ብሎ ይነክሰኛል፤
መዳፌን አልፎ ትከሻዬ ድረስ ይሰማኛል።

ለምኜዋለሁ።
ሰድቤዋለሁ።
ፍሪሲዮን ሁለቴ ረግጬ አባብዬዋለሁ።

ከማዕዘኑ ያለው መካኒክ፣ ጓንቱን ሳያወልቅ፣
ዓይኑ ከስልኩ ሳይርቅ፣
“ካምቢዮው አልቋል” አለኝ፤ “ዘጠኝ መቶ ዩሮ።”
አየሁት የወር እንጀራዬን፣ ባንድ ትንፋሽ ተመንዝሮ።

“ካምቢዮ” ሲል ግን የቃሉ ድምፅ ወሰደኝ፤
ኮምቦልቻ፣ አባቴ ጋራዥ፣ ከጭነት መኪና ሥር ጣለኝ።
መብራት ያዥ ነበርኩ፤ የአሥር ዓመት ልጅ፤
“ካቻቢቴ!” “ፒንሳ!” ሲል፣ የማቀብል ከእጅ ወደ እጅ።
ቡሎን፣ ክሪክ፣ ጓርኒሲዮን፣
አማርኛ ነው ብዬ ነበር እኮ ሁሉን።
እዚህ መንገደኛው ሁሉ ሲጠራቸው ብሰማ፣
ቤታችን ያደጉ ልጆች፣ ወላጃቸውን አገኙ በሩቅ ከተማ።

አባቴ ይል ነበር፦ “ብረት አይዋሽም፤ የሚዋሽ ሰው ነው፤
ከመፍረድሽ በፊት ዘይቱን ጠይቂው።”

ቅዳሜ፣ ከአራተኛ ፎቅ ሲኞር ኦታቪዮ ወረደ፤
ሠላሳ ዓመት ቶርኖ ላይ ቆሞ ጉልበቱ የሄደ።
ኩርሲውን ይዞ፣ ብርዱ ላይ ተቀመጠ፤
“ቀዝቃዛ ዘይት አይናዘዝም፣ ንጂው፣ ይሙቅ” ብሎ ትእዛዝ ሰጠ።

ዶራን ተሻግሬ፣ ገበያውን ዞሬ መጣሁ፤
ካርቶን አንጥፌ፣ በጣውላ አስደግፌ፣ ከሥሩ ገባሁ።
የታችኛውን ቡሎን ቁልፌ ሳይፈታ
“ቆይ!” ብሎ ጮኸ፣ በከዘራው ጎማዬን እየመታ፤
“የላይኛው ሳይፈታ የታችኛው አይፈታ!
መሙያው ዝጎ እምቢ ቢልሽ፣ ያለውን ደፍተሽ ካበቃሽ፣
ባዶ ካምቢዮ ታቅፈሽ ቀረሽ!”

ይህን አባቴም አላለኝ።

ስንቱን ነገር ደፍቻለሁ፣ መሙያውን ሳላይ፤
ሥራ፣ አንድ ትዳር፣ ሁለት ወዳጅ። ካርቶኑ ላይ
ተጋድሜ ቆጠርኩ። ከዚያ ቁልፉ ተንጫረረ፤
መሙያው ተላቀቀ፣ ያ ዓመታት የከረረ።

ዘይቱ ወረደ። ዘይት ሊሉት ያሳፍራል፤
እንደ አተላ ጠቁሯል፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል፤
ውስጡ የብረት ብናኝ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያበራል።
ኦታቪዮ ጣቱን ነከረ፣ አሸው፣ ወደ ብርሃኑ አዞረ፤
“ብናኝ ነው፤ የተሰበረ ጥርስ የለም” አለ፤ “ካምቢዮሽ ጤነኛ ነበረ።
ተጠምቶ ነው።”

አዲሱ ክብሪት ክብሪት ይሸታል፤ በቀጭን ቱቦ፣ በዝግታ፣
ጣቶቼ ደንዝዘው፣ ሌላውን ጨዋታ
ሁሉ ትተን፣ ሁለታችንም ጆሯችንን ሰጠነው።
ምልክት የለውም፤ ልኩ መፍሰሱ ነው፤
ሞልቶ በመሙያው አፍ እንባ ሲያቀር ያኔ በቃው።

ተአምር አልሆነም።
በመጀመሪያው ቀን ቋ አለ፤ በሁለተኛውም ትንሽ አጉረመረመ።
“ዘይትም ቤቱን ይልመድ” አለኝ ኦታቪዮ፤ ገንዘብ ስሰጠው ተቀየመ።

ረቡዕ፣ የማስታምማቸው አሮጊት ዘንድ ስሄድ፣ አቀበቱ ላይ፣
ሌላ ነገር ሳስብ፣ እጄን እንኳ ሳላይ፣
ገባ።
አምሽቶ የመጣ የቤት ሰው፣ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ እንደሚገባ።

ማታ ኮምቦልቻ ደወልኩ፤ ሞተር አስነስቼ፣ ደጅ ላይ ቆሜ፣
ስልኩን እጀታው ሥር ደግፌ፣ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ፣ ደጋግሜ።
“ሰማህ፣ አባዬ?”
ዝም አለ።
“ኧረ ምንም አልሰማሁም፣ ልጄ።”
“ምንም?”
“ምንም።” ከዚያ ሳቀ። “እንግዲያማ ተሠርቷል፤ በይ ንጂ።”